በያጁ ጋ ቁሙ፦ አነስተኛ ወርክሾፕ ለመምራት መነሻ የሚሆን

ደሴ ውስጥ ከወንድሜ ጋር የብረት በርና መስኮት ቤት አለን። እሱ ይበይዳል፤ እኔ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ ብረት እገዛለሁ፣ ቀን እቆርጣለሁ፣ ደመወዝ እከፍላለሁ። ሠራተኞቹ «እትዬ» ይሉኛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት የሚማረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ሊያግዘን ሲመጣ «አክስቴ፣ ይሄኮ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ነው» እያለ ለምሠራው ነገር ሁሉ ስም ያወጣለታል። ስሞቹን ከሱ ወስጃለሁ። የምጽፈው ግን ከቴክኒክና ሙያ ወጥተው ተደራጅተው ሼድ ለተሰጣቸው፣ ወይም ተበድረው አንድ የብየዳ ማሽን ለገዙ ልጆች ነው። ልብስ ስፌት ወይም ዳቦ ቤት ቢሆንም ሒሳቡ ያው ነው፤ እኔ የማውቀው ብረት ስለሆነ በብረት እናገራለሁ።

ሥራው የሚጠራቀምበትን ቦታ ፈልጉ

አንድ የግቢ በር ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ የሚያልፍበትን መንገድ ወረቀት ላይ አውርዱት፦ ልኬት፣ ቆረጣ፣ ብየዳ፣ ማለስለስ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቅብ) እና ቀለም፣ ተከላ። ከየአንዳንዱ ጎን አንድ በር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጻፉ። ሰዓት ይዛችሁ ለኩ እንጂ ሠራተኛውን አትጠይቁ፤ «ቶሎ ያልቃል» ነው የሚላችሁ።

ለምሳሌ ቆረጣው አንድ ሰዓት፣ ብየዳው አራት ሰዓት፣ ማለስለሱ አንድ ሰዓት፣ ቀለም መቀባቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል እንበል። በየሥራው አንድ አንድ ሰው አለ፤ ቀኑ 8 የሥራ ሰዓት ነው። ቆራጩ በቀን 8 በር ማድረስ ይችላል፣ ቀለም ቀቢው 5፣ በያጁ ግን 2 ብቻ። እንግዲህ የቤታችሁ አቅም በቀን 2 በር ነው። ቆራጩ ቀልጣፋ ስለሆነ 3 አይሆንም፤ ቀለም ቀቢው ቢሮጥም 3 አይሆንም። የእህቴ ልጅ ይህን ቦታ «ማነቆ» ይለዋል። ወርክሾፕ ውስጥ ለማግኘት ትምህርት አይጠይቅም፦ የተቆረጠ ብረት ተደርድሮ ወረፋ የሚጠብቀው የት ነው? ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚፈትነው ነገር አለ። ሠራተኛ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ማየት ያበሳጫል፤ በተለይ ደመወዙን የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ። ስለዚህ ቆራጩ ሥራ እንዳይፈታ በቀን 6 በር ይቆርጣል። በያጁ የሚያነሳው 2 ነው፤ በየቀኑ የ4 በር ብረት መሬት ላይ ይከመራል ማለት ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ በክረምት ጉም ይዝጋል፣ የአንዱ ደንበኛ ቁራጭ ከሌላው ይደባለቃል፣ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለው ይነሳል። የሚወጣው በር ግን አሁንም 2 ነው። ቆራጩን ለበያጁ ረዳት አድርጉት፤ ካልሆነም ይቀመጥ። እኛ ጋ ከበያጁ ፊት ተቆርጦ የሚጠብቅ በር ከ4 እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ 4 ከሞላ መጋዙ አይነሳም።

የበያጁን ሰዓት ጠብቁ

ማነቆው ከታወቀ በኋላ የባለቤቱ ትልቁ ሥራ እዚያ የምትባክን ደቂቃ እንዳትኖር ማድረግ ነው። አንድ ቀን ወስዳችሁ በያጁ አጠገብ ቁጭ በሉና ኤሌክትሮዱ የሚነድበትንና የማይነድበትን ጊዜ ለይታችሁ መዝግቡ። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ይፈልጋል። ማጠፊያ አልተገዛም ተብሎ ልጅ ይላካል። ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ይጠይቀዋል። ፍሬሙን ለመገልበጥ ሰው ይጣራል። ስልኩን ያነሳል። ከነዚህ ውስጥ ብየዳ የሚባል የለም፤ ሁሉንም ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ የነገዎቹ ሁለት በሮች ቁራጭ ዛሬ ማታ በሽቦ ታስሮ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩ በጠመኔ ተጽፎበት ጠረጴዛው ሥር ይደር። ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ የቀኑ ኤሌክትሮድ በአንድ ካርቶን ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ብረት በይዳችሁ ፍሬሙ ተደግፎ በቀጥታ ማዕዘኑን የሚይዝበት ማስቆሚያ ሥሩ፤ በየበሩ ስኳድራ ማዞር ይቀራል። የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ የሚያራግፈው ረዳቱ ይሁን። ደንበኛ ወደ በያጁ እንዳያልፍ ወንበሩን በር ላይ አድርጉት፤ የኔ ወንበር እዚያ ነው።

ሰውየውን አስጨንቁት ማለቴ ግን አይደለም። ያለ መነጽር እያቻኮላችሁ ዓይኑን ያስመታችሁት በያጅ ነገ አይመጣም፤ ነገ ደግሞ 2 በር ነው።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። መብራት የማይጠይቁ ሥራዎችን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ ልኬት መውጣት፣ ብረት ላይ ምልክት ማድረግ፣ በብሩሽ አንቲረስት መቀባት፣ ቁልፍ መግጠም፣ ያለቀ በር ማድረስ። እነዚህን መብራት እያለ አትጨርሷቸው። ጄኔሬተር ያዋጣል ወይ ለሚል መልሱ ሁለት ነገር ላይ ነው፦ የነዳጁ ወጪ በሰዓት ስንት ነው፣ የበያጁ አንድ ሰዓት ስንት ያስገባል? የኋለኛውን እንዴት እንደምታወጡት ከታች አለ። ወረፋ ከሌላችሁ ግን ጄኔሬተር አታስነሱ፤ የጠፋችው ሰዓት ነገ ትካካሳለች።

ለደንበኛ ቀን መስጠት

ደሴ ውስጥ «ሳምንት ይደርሳል» ያልተባለ በር የለም። ቀን ግን በአፍ ልማድ አይሰጥም፤ ሒሳብ አለው። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ደንብ ነው፤ ቀላልነቱ ያስቃል፦ በእጃችሁ ያለው ሥራ፣ በቀን ከሚወጣው ጋር ሲካፈል፣ አንድ ሥራ የሚቆይበትን ቀን ይሰጣችኋል። 30 በር ታዟል፣ በቀን 2 ይወጣል፤ ዛሬ የሚታዘዘው ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ይደርሳል። እሑድን ስትደምሩ ሁለት ሳምንት ተኩል ነው። «አብሽሩ፣ ሳምንት ይደርሳል» ማለት ከሌላ ሰው ወረፋ ላይ መስረቅ ነው።

በዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ አትሙሉት። በስድስት ቀን 12 በር ይወጣል ብላችሁ ለ12ቱም ቀን ከቆረጣችሁ፣ አንድ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ወይም አንድ ልኬት ሲሳሳት ከኋላ ያለው ሁሉ ይገፋል፤ የተገፋው ደግሞ የሚካካስበት ክፍት ቦታ የለም። ወረፋ የሚረዝመው በሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥራው እኩል ስለማይመጣና ቤቱ ጢም ብሎ ስለተሞላ ነው። እኔ ለ10 በር ብቻ ነው ቀን የምቆርጠው። ሁለቱን ለጥገናና ላልታሰበ አስቀምጣለሁ፤ ካልመጣ የሚቀጥለውን ሳምንት እንጀምራለን።

ሌላው ወቅት ነው። ሰው ጥር ላይ ሊድር ሲል በሩን ያድሳል፤ ለኢድና ለመስቀልም ግቢውን ያሳምራል። ክረምት ሲገባ ግንባታው ቀዝቀዝ ይላል፤ ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ የዘይት ቀለም በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ያልደረቀ በር መኪና ላይ ከጫናችሁ የገመዱን ቅርጽ ይዞ ነው የሚወርደው። ለክረምት በር ለቀለም ብቻ ሁለት ቀን ጨምሩ። ይህን የሚነግራችሁ ደብተር ነው፦ የታዘዘበት ቀን፣ የተረከበበት ቀን፣ የበሩ ዓይነት። ለሁለት ዓመት ከያዛችሁት የሚቀጥለውን ጥር ከማንም በተሻለ ትገምታላችሁ።

የወሎን ደንበኛ የሚለየው አንድ ነገርም አለ። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሰው ጅዳ ወይም ዱባይ ነው፤ የሚያዘው እናቱ ናት። እናት «ልጄ፣ ቶሎ ይድረስልኝ እንጂ ቀለሙን እንዳሻሽ» ትላለች፤ ልጅ ደግሞ ቀለሙን ያየ ቀን ይቆጣል። ስለዚህ ፍሬሙ ሲያያዝ፣ አንቲረስት ሲቀባና ሲያልቅ ሦስት ጊዜ በኢሞ ቪዲዮ እልካለሁ። ለከፋዩ ማረጋገጫ ነው፤ ለኛ ደግሞ «እንዲህ አላልኩም» የሚባለውን ሥራው ሳያልቅ ያወጣዋል።

የትኛው ሥራ ያዋጣል?

አሁን ብር እንቁጠር። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ናቸው፤ የናንተን አስገቡበት።

ከዋጋው ላይ ለዚያ ሥራ ብቻ የተገዛውን ብረት፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና ቀለም ቀንሱ፤ የሚተርፈው ለቤቱ የሚገባ ነው። ተራ የግቢ በር 3,000 ብር ያተርፋል፤ 4 የብየዳ ሰዓት ይበላል። የመስኮት ግሪል 1,200 ብር ያተርፋል፤ 1 ሰዓት ይበላል። አበባና ጥምዝምዝ ያለበት የሠርግ ቤት የሚመስል በር 5,000 ብር ያተርፋል፤ 10 ሰዓት ይበላል። የትኛውን ትመርጣላችሁ? ጀማሪ ሁሉ 5,000ውን ይላል፤ ፎቶው ያምራል፣ ብሩም ትልቅ ነው። በበያጁ ሰዓት አካፍሉት፦ ግሪሉ በሰዓት 1,200፣ ተራው በር 750፣ ጥምዝምዙ 500።

ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት በወር 90,000 ብር ቢሆን፣ ተራ በር ብቻ ከሠራችሁ 30ኛው በር ላይ ወጪያችሁን ትመልሳላችሁ። 120 የብየዳ ሰዓት፣ ማለትም 15 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የናንተ ነው። ጥምዝምዝ ብቻ ከሠራችሁ ግን 18 በር ያስፈልጋል፤ 180 ሰዓት። ወሩ 25 የሥራ ቀን፣ 200 ሰዓት ቢኖረው የሚቀራችሁ 20 ሰዓት ነው፤ እሷንም መብራት ይበላታል። በጣም ቆንጆ በር እየሠሩ የሚዘጉ ቤቶች ምስጢር ይህ ነው።

ጥምዝምዝ አትሥሩ ማለት አይደለም። በሰዓት 750 እንዲያስገባ ከፈለጋችሁ ትርፉ 7,500 መሆን አለበት፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ጠይቁና ደንበኛው ይወስን። ግሪል ብቻ መሥራትም አይቻልም፤ ግሪል የሚያዘው በሩን ያሠራ ሰው ነው።

ስትራቴጂ፦ ለማን ነው የምትሠሩት?

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያመጣልኝ አራት ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ነበር፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል፣ ስጋት። ሞላነው፤ የሞላነው ለማንኛውም ብረት ቤት ይሆናል። የጠቀመኝ ሌላ ነው። ማይክል ፖርተር የተባለው የሃርቫርድ መምህር የሚለው በአጭሩ፦ ወይ ከሁሉም በታች በሆነ ወጪ ሥሩ፣ ወይ ሰው ተጨማሪ የሚከፍልበት ልዩ ነገር ይኑራችሁ፣ ወይ አንድ ዓይነት ደንበኛ መርጣችሁ ለሱ ብቻ ሁኑ፤ መሐል ላይ አትንጠልጠሉ።

በዋጋ እንወዳደር? ተዘጋጅቶ የሚመጣው የውጭ በር በፋብሪካ በብዛት የተሠራ ነው፤ በርካሽነት አናሸንፈውም። ታዲያ እሱ የማይችለው ምንድን ነው? ደሴን ተመልከቷት፤ ቁልቁለት ላይ ያልቆመ ግቢ የት አለ? መንገዱ በጎን እየወረደ በሩ ሥር ሲያልፍ፣ የበሩ ላይኛው አግዳሚ በውኃ ልክ ቀጥ ብሎ፣ የታችኛው መሬቱን ተከትሎ በሰያፍ መቆረጥ አለበት። ያ ብቻ አይበቃም። ባለ አንድ ተከፋች በር ከሆነ ማጠፊያው በዝቅተኛው በኩል መሆን አለበት፤ በከፍተኛው በኩል ከሰቀላችሁት፣ በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ረጅሙ ጫፍ ወደ ከፍተኛው መሬት ይዞርና ይቧጥጣል። ግቢው ከበሩ ወደ ቤቱ እያደገ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ መክፈት ራሱ ያስቸግራል፤ በሐዲድ የሚንሸራተት ይሻላል። እንዲህ ያለው በር ከመጋዘን አይመጣም። ሰው ሲባጎና ውኃ ልክ ይዞ ሄዶ መሬቱን ማየት አለበት።

ስለዚህ የኛ ምርጫ ይህ ነው፦ ዳገት ላይ ላለ ግቢ፣ ቦታው ድረስ ሄደን ለክተን፣ በተናገርነው ቀን፣ ሲበላሽም የምንጠግን። ምርጫ የሚባለው ሌላውን መተው ሲኖርበት ነው። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ 60 አንድ ዓይነት መስኮት በዱቤ ሲያዝ አንቀበልም። ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ቤት ስለሚፈልግ ነው፦ የማይለዋወጥ ልክ፣ ብዙ ማስቆሚያ፣ ለወራት ዱቤ የሚችል ካዝና። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያለ ልጅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ዓይኑን ፋብሪካ ላይ የጣለ፣ የኛን ተቃራኒ መርጦ ልክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሼድ ውስጥ እሠራለሁ ካለ ግን 60ው መስኮት የእማማን በር ወር ያስቀምጠዋል፤ ቀን አክባሪ የሚለው ስማችን እዚያው ያበቃል።

ብረት መግዛት

ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) እና ላሜራ (ዝርግ ብረት) ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ወይስ ጥቂት ጥቂት? ፎርድ ሃሪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር አለ፦ የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ግዢ ወጪ፣ ከዚያም በ2 አባዙ፤ አንዱን ብረት ዓመት ማስቀመጥ በሚያስወጣው አካፍሉ፤ ካሬ ሥሩን አውጡ። በዓመት 600 ዘንግ ብትፈጁ፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ማምጣት 3,000 ብር ቢያስወጣ፣ አንዱን ዘንግ ዓመት ማስቀመጥ 250 ብር ቢጎዳ፣ መልሱ 120 ዘንግ ነው፤ በዓመት አምስት ጊዜ መግዛት። የሚገርመው ካሬ ሥሩ ነው፦ ሥራችሁ እጥፍ ቢሆን የምትገዙት እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 170 ቢጠጋ ነው።

ቀመሩ ዋጋ አይለወጥም ብሎ ያስባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ዋጋ ስሰጥ ወረቀቱ ላይ «ለ3 ቀን» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቀብድ ከብረቱ ዋጋ አያንስም፤ ቀብድ በተቀበልኩበት ቀን ብረቱ ይገዛል። የደንበኛን ቀብድ ለሌላ ወጪ አውጥቶ ብረቱን በሦስተኛው ሳምንት መግዛት በሰው ብር ቁማር መጫወት ነው።

ለትንንሾቹ ሌላ ሒሳብ አለ። የመቁረጫ ዲስክና ኤሌክትሮድ ርካሽ ናቸው፤ ሲያልቁ ግን ማነቆውን ያቆማሉ። በቀን 4 ዲስክ ከፈጃችሁ፣ ለማስመጣት 3 ቀን ከወሰደ፣ 12 ነው፤ ለመጠባበቂያ 6 ጨምሩ። መደርደሪያው ላይ 18ኛው ዲስክ የሚደርስበት ቁመት ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ፤ ቀዩ ሲታይ ይገዛል። ማንም ሊቆጥር አይገባም።

ጥራት ከብየዳ በፊት

ፍሬሙ በነጥብ በነጥብ ሲያያዝ ሙሉ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለኩ። ታችኛው በሰያፍ ያልተቆረጠ በር ከሆነ፣ እኩል ሲሆኑ ማዕዘኑ ልክ ነው፤ ካልሆኑ በመዶሻ አንድ ሁለት መትቶ ማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከሙሉ ብየዳ በኋላ ከታወቀ ተቆርጦ እንደገና መበየድ ነው፤ የማነቆውን ሰዓት ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ። ደንበኛው ግድግዳ ላይ ከታወቀ መኪናውም፣ ቀኑም፣ ስሙም ተጨመረበት። ሙቀት ብረት ይስባል፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ እያቀያየሩ መበየድ ልኩን ይጠብቃል። ለካሁ የሚለው ሰው ቁጥሩን በጠመኔ ፍሬሙ ላይ ይጻፍ፤ «ለክቻለሁ» የሚል ቃል አይበቃም።

የካይዘን (ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ተቋም በ2004 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በየሥልጠናው የሚነገሩት አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚረሱ ናቸው። ከሁለተኛው ብቻ ብትጀምሩ ይበቃል፦ የእያንዳንዱን ዕቃ ጥላ ሰሌዳው ላይ ሳሉ፤ ማታ ባዶ ጥላ ካለ ማንም ቤቱ አይሄድም።

ሁለተኛ በያጅ

ወረፋው ከረዘመና ደንበኛ መመለስ ከጀመራችሁ ሁለተኛ ማሽን ይታሰባችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነድ የመዘገባችሁትን አውጡ። ከ8 ሰዓት 5 ብቻ ከሆነ የሚጎድላችሁ ማሽን ሳይሆን ረዳት ነው። በእርግጥ ሞልቶ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስመራችሁ ሁለት ማሽን ይችል እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ፤ ከዚያ ግዙ። አሁን ብየዳው በቀን 4 በር ያወጣል። ቀለም ቀቢው በሒሳብ 5 ይችላል፤ ነገር ግን በሩ እስኪደርቅ የሚቆምበት ቦታ ስንት ነው? ክረምት ላይ አንዱ በር ሦስት ቀን ከቆመ፣ ሊትል እንዳለው 4 በ3፣ 12 በር የሚያስቆም ጣሪያ ያስፈልጋል። 8 ብቻ የሚያስቆም ከሆነ ማነቆው ወደ ቀለሙ ተሻግሯል፤ ማሽኑን ከማምጣታችሁ በፊት ቆርቆሮውን ዘርጉ።